ችግኝ መትከል የአንድ ቀን፤ ማሳደግ የዓመታት ሥራ ነው

ክረምት በገባ ቍጥር ዶማና አካፋ ይዞ፥ ችግኝ ታቅፎ ወደ ተራራውና ወደ ወንዙ ዳር የሚጓዘው ሕዝብ ብዛት ዐይን የሚያጠግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ፥ ወሬው በብዙ የዓለም ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ቀጥሎ፥ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን የተተከለው ከ700 ሚሊዮን ማለፉ ተገልጧል። ድካሙ ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን ስለ ተተከለው ቍጥር ይህን ያህል ስንነጋገር፥ ስለ ጸደቀው የምንነጋገረው ጥቂት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። የችግኝ ዕድል የሚታወቀው በሐምሌ ሳይሆን በመጋቢት ነውና።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣው ችግኝ ሥሩ ከአንድ ስንዝር ብዙ አያልፍም። ክረምቱን ዝናቡ ይመግበዋል፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ግን የላይኛው አፈር ቶሎ ይደርቃል፤ ሥሩም ገና ወደ ታች አልወረደም። በዚህ ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃ የሚያደርስለት ካጣ፥ ወይም ፍየል ቀድሞ ካገኘው፥ የሐምሌው ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። በሩቅ ኮረብታ ላይ በየሳምንቱ ውሃ የሚሸከም ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በቤታችን ግቢ ግን ውሃውም፥ ባልዲውም፥ ጠዋት ማታ የሚያየው ዐይንም አለ። ስለዚህ የዛፍ ማሳደግ ትምህርት ከየራሳችን ደጅ መጀመር ያለበት ይመስለናል።

የአዲስ አበባም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ከተማይቱ ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ በማለቁ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ በዚያም ሕንጻ እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የተስፋፋው ቶሎ በማደጉ ብቻ አይደለም፤ ማገዶውን፥ ማገሩንና ገንዘቡን ተስፋ ያደረገው ባለይዞታ ሁሉ እንደ ገዛ ንብረቱ ስለ ጠበቀውም ጭምር ነው። ለጠባብ ግቢ ግን አንመክረውም፤ ውሃ በብዙ ይስባል፥ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ በጌዴኦ ይገኛል። በዚያ ገበሬው በመኖሪያው ዙሪያ ረዣዥሙን ዛፍ ለጥላ አቁሞ፥ ከሥሩ እንሰት፥ በእንሰቱም መካከል ቡና ተክሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያሳልፍ ኖሯል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለዚህ ጥበብ የተሰጠ ክብር ነው። በዚያ ዛፍ የዘመቻ ሥራ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው።

በከተሞቻችን የሚታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ እየሆነ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶና በንጣፍ ድንጋይ ይሸፍነዋል። ጭቃውን ጠላሁ ሲል ጥላውንም ያጣል፤ የዝናቡም ውሃ የሚሰርግበት መሬት አጥቶ ወደ መንገድ ጐርፍ ሆኖ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮችም ያለው ክፍት ቦታ የሁሉም ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የአንድ ሕንጻ ነዋሪዎች ተመካክረው ሁለትና ሦስት ዛፍ በስም ቢከፋፈሉ ግን የሚያቅት ነገር አይደለም።

አተካከሉም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መጀመሪያ ዛፉን ለቦታው መምረጥ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ኮክ፥ በወይና ደጋም አቮካዶ፥ በቈላ ማንጎና ፓፓያ ይስማማሉ፤ ለጥላና ለዕድሜ ወይራና ዋንዛ የአገራችን ልጆች ናቸው። ዋርካና ሾላ ለሰፊ ሜዳ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም። ከቤት ግድግዳ፥ ከፍሳሽ ጉድጓድና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ማራቅ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ስፋቱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይሁን፤ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ፥ ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተቀላቅሎ ይመለስ። ፕላስቲኩ ሳይወጣ የተተከለ ችግኝ ሥሩ እንደ ታሰረ ይኖራል፤ አንገቱ በአፈር የተቀበረም ልጡ ይበሰብሳል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል። በየቀኑ በጣሳ ከመርጨት፥ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ አንድ ባልዲ ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ሥሩም ይከተለዋልና። ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ ከሚደፋ ለችግኙ ይሁን። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ቢጐዘጐዝለት እርጥበቱን ይይዛል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም። ድጋፍ የታሰረበት ገመድ ግንዱ ሲወፍር ካልላላ ያንቀዋል፤ እስከ ግንዱ የተለሰነ ሲሚንቶም እንዲሁ ነው።

በእኛ አስተያየት ቀበሌውም፥ ትምህርት ቤቱም፥ ዕድሩም በሐምሌ የቈጠረውን ችግኝ በመጋቢት ደግሞ ሊቈጥረው ይገባል። የመጋቢቱ ቍጥር ቢያንስ ሊያሳፍረን አይገባም፤ የት እንደ ተሳሳትን ያሳየናልና። አንባቢዎቻችንም ከዛሬ ጀምሮ በደጃቸው ያለውን ችግኝ ወጥተው ይዩት። ልጅ ወልዶ ለጎረቤት የሚተው ወላጅ እንደማይመሰገን ሁሉ፥ ተክሎ የሚረሳም ሰው ተከልኩ ሊል አይገባውም።