ዴቪድ ካርን ማን ሰበረው?

*የሁለት ጸሐፊዎች ሙግት*

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ በዓመቱ ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበ ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት ወጣቶች የፈለገውን ቀድሞ ይመርጣል። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው። አዲስ የሚመሠረት ቡድንም ቅድሚያው ሊሰጠው ይችላል። በዚህ መንገድ ገና ከጅምሩ የተመረጠ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን እየወረወረ ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ በደካማ ቡድን ውስጥ ሲወድቅ ጥፋቱ የማን ነው? ሁለት ጸሐፊዎች በ2002 የሂዩስተን ቴክሳንስ አንደኛ ምርጫ በነበረው በዴቪድ ካር ላይ ይሟገታሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰበረው ቡድኑ ነው

አንድ ሰው በአንድ የውድድር ዘመን ኳሱን ሳይወረውር 76 ጊዜ ተይዞ መሬት ላይ ከተጣለ፣ ስለ ችሎታው ከመነጋገራችን በፊት ከፊቱ ቆመው ሊከልሉት ይገባቸው ስለነበሩት አምስት ሰዎች መነጋገር አለብን። በጨዋታው ቋንቋ ይህ ሳክ ይባላል። በ2002 በዴቪድ ካር ላይ የደረሰው ያህል ሳክ በሊጉ ታሪክ በአንድ ዘመን በማንም ላይ አልደረሰም። ልጁ የ23 ዓመት ጀማሪ ነበር።

ካር እንዲያው በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። በ2001 ለፍሬስኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ለ46 ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱ የባላጋራው ሜዳ ጫፍ ሲደርስ ለሚገኘው ነጥብ፣ የበቁ ኳሶችን ወርውሯል። ክንዱ ብርቱ፣ ጠባዩም የተመሰገነ ወጣት ነበር። ችግሩ የሄደበት ቤት ነው። ሂዩስተን ኦይለርስ የተባለው ቡድኗ ወደ ቴነሲ ከሄደባት በኋላ ለዓመታት ያለ ቡድን ቆይታ ነበር። ቴክሳንስ በ2002 ከባዶ ሲነሣ ልምድ ያላቸውን ተጫዋቾች የመረጠው ሌሎች ቡድኖች ቢሄዱብን ግድ የለም ብለው ካቀረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የወሰደው ቶኒ ቦሴሊን ነበር፤ በጃክሰንቪል ስሙን የተከለ፣ በ2022ም የዝና አዳራሽ የገባ ታላቅ ጠባቂ። የታሰበው የካርን ግራ ጎን እንዲጠብቅ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ለመወርወር ሲዘጋጅ ያንን ጎን አያየውምና። ነገር ግን ቦሴሊ ትከሻው ተጎድቶ ስለነበር ለቴክሳንስ አንዲት ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ጫማውን ሰቀለ።

ታዲያ ቡድኑ ዋናው ጠባቂ እንደሌለ እያወቀ ምን አደረገ? ጀማሪውን ከመጀመሪያው ጨዋታ አንሥቶ አሰለፈው። ያ ጨዋታ በድል አለቀ፤ ዳላስ ካውቦይስን 19 ለ 10 ረቱ፤ ሂዩስተንም ፈነደቀች። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን 12 ሽንፈትና 4 ድል ሆኖ የተዘጋ ዘመን ነው።

ሳክ የሚያደርሰው ጉዳት በቁስል ብቻ አይለካም። ኳርተርባክ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ሩቅ መሆን አለበት፦ የትኛው ተቀባይ እንዳመለጠ፣ የትኛው ተከላካይ እንደተዘናጋ ማየት አለበት። ደጋግሞ የተመታ ሰው ግን ዓይኑን ከሩቁ ያነሣና ወደ እሱ በሚሮጡት ላይ ይተክላል። እግሩ ያለ ጊዜው ይነሣል፤ ማንም ሳይነካው ይሸሻል። ይህ ፈሪነት አይደለም። ሰውነት ከደረሰበት ነገር የሚማረው ትምህርት ነው፤ አንዴ ከተማረው ደግሞ በቀላሉ አይረሳውም።

ልጁ ችሎታ እንደነበረው የሚያሳዩ ዓመታትም አሉ። በ2003 በተጫወተባቸው ጨዋታዎች የደረሰበት ሳክ 15 ብቻ ነበር። በ2004 ቡድኑ 7 አሸንፎ 9 ሲሸነፍ ካር 3,531 ያርድ ወርውሯል። መንገዱ ወደ ላይ ነበር። በ2005 ከለላው እንደገና ፈረሰ፤ 68 ጊዜ ተጣለ፤ ቡድኑም 2 ብቻ አሸንፎ 14 ተሸነፈ።

በዚያው ዘመን ሲንሲናቲ የሄደበትን መንገድ እናነጻጽር። ቤንጋልስ በ2002 ያሸነፈው 2 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከሂዩስተን ይብስ ነበር። በ2003 ካርሰን ፓልመርን አንደኛ አድርጎ መረጠና ዓመቱን ሙሉ ከጆን ኪትና ጀርባ አስቀመጠው። ፓልመር ሜዳ የገባው በ2004 ነው። በ2005 ቤንጋልስ 11 ጨዋታ አሸንፎ የማጣሪያው ውድድር ውስጥ ገባ። ሁለቱም ደካማ ቡድኖች፣ ሁለቱም አንደኛ ምርጫዎች ነበሩ። የተለየው ልጆቹን የያዙበት መንገድ ነው።

ከለላው ደካማ ነበር፤ ተጫዋቹም አልቻለም

ስለ ቦሴሊ ትከሻ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። የቴክሳንስ ከለላ ደካማ እንደነበር አልክድም። ባልደረባዬ ግን ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ አይከተልም።

በ1986 ፊላዴልፊያ ውስጥ ራንዳል ካኒንግሃም የሚባል ወጣት ኳርተርባክ 72 ሳክ ደርሶበታል። ከካር በአራት ብቻ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ያለው ካኒንግሃም በዚያ ዓመት የወረወረው 209 ጊዜ፣ ካር ደግሞ በ2002 የወረወረው 444 ጊዜ መሆኑ ላይ ነው። በወረወረው ኳስ ልክ ከታየ የካኒንግሃም ዱላ ከካር እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ሰውነት ከዱላ የሚማረውን አይረሳም ካልን ካኒንግሃም ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። በሊጉ ከሚያስፈሩት ኳርተርባኮች አንዱ ሆነ። በ1998ም ሚኒሶታ ቫይኪንግስ 15 አሸንፎ 1 ብቻ ሲሸነፍ ይመራ የነበረው እሱ ነው።

ፔይተን ማኒንግንም እንይ። በ1998 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ አንደኛ አድርጎ ሲመርጠው ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነበር፤ ማኒንግ በመጣበት ዓመትም ያው 3 ለ 13 ሆነ። 28 ኳስ ተጠልፎበታል፤ በጀማሪ ታሪክ ከዚያ የበለጠ የለም። የደረሰበት ሳክ ግን 22 ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሲደርሱበት ኳሱ ከእጁ ወጥቷል፤ ልክም ይሁን ስሕተት ወርውሯል፤ ከስሕተቱም ተምሯል። በማግስቱ ዓመት ኮልትስ 13 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ሳክ የአምስቱ ጠባቂዎች ዕዳ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩን የምቃወመው ለዚህ ነው። ኳሱን መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው የያዘው ሰው ነው፤ ካር ደግሞ አብዝቶ ይይዝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን በ2006 የሆነውን ባልደረባዬ ዘለውታል። በዚያ ዓመት ቴክሳንስ ጌሪ ኩቢያክን አሠልጣኝ አደረገ። ኩቢያክ ራሱ ኳርተርባክ የነበረ፣ በዴንቨርም ከታላቁ ኳርተርባክ ከጆን ኤልዌይ ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ለካር የሚያስፈልገው አስተማሪ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ከእሱ የተሻለ ማግኘት ይከብደን ነበር። ካር በዚያ ዓመት ከወረወራቸው ኳሶች 68.3 በመቶው ተቀባይ እጅ ገቡ፤ በሊጉ አንደኛ ነበር። በቡፋሎ ቢልስ ላይ 22 ኳስ በተከታታይ ሳይስት አቀብሎ የዘመኑን ክብረ ወሰን ተጋራ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ዳነ ይላል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ያገኘው ተችዳውን 11 ብቻ ነው፤ ኳሶቹ አጫጭር፣ ለቅርብ ሰው የሚሰጡ ነበሩ። ኩቢያክ አንድ ዓመት አይቶት አሰናበተውና ማት ሾብን አመጣ። በ2007 ቴክሳንስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ 8 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ያው ከተማ፣ ያው አሠልጣኝ፣ በአብዛኛውም ያው ቡድን ነው። ካር በበኩሉ ወደ ካሮላይና ሄዶ አራት ጨዋታ ጀመረ፤ ያሸነፈው አንዱን ነው።

መልስ ከመጀመሪያው ጸሐፊ

ማት ሾብ ጥሩ ምስክር ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው። ሾብ ሂዩስተን ከመድረሱ በፊት አትላንታ ውስጥ ሦስት ዓመት ከማይክል ቪክ ጀርባ ተቀምጧል። አይቷል፣ ተለማምዷል፣ ሰውነቱም ሳይጎዳ ቆይቷል። ለካር የተነፈገው ይኸው ነው። ማኒንግም ባዶ ቤት አልገባም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ አጠገቡ ማርሻል ፎልክና ማርቪን ሃሪሰን ነበሩ። ሁለቱም ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ኩቢያክ ደግሞ የመጣው ከ208 ሳክ በኋላ ነው። ሐኪም ዘግይቶ ሲደርስ በሽተኛውን እንወቅሳለን?

ሳም ዳርኖልድን ልጥቀስ። በ2018 ኒውዮርክ ጄትስ ሦስተኛ አድርጎ መረጠው። በማግስቱ ዓመት አሠልጣኙ ተቀየረ። ከኒው ኢንግላንድ ጋር ባደረጉት፣ 33 ለ 0 በተሸነፉበት ምሽት ዳርኖልድ አራት ኳስ ተጠልፎበት መናፍስት ይታዩኛል ሲል ማይክሮፎኑ ያዘው፤ አገር ሁሉ ሳቀበት። ጄትስ በ2020 2 ብቻ አሸንፎ 14 ተሸነፈና ልጁን ለካሮላይና ሸጠው። ይኸው ሰው በ2024 ሚኒሶታ ደረሰ። እዚያ ኬቨን ኦኮነል የሚባል ብርቱ አሠልጣኝ፣ ጀስቲን ጀፈርሰን የሚባልም ታላቅ ተቀባይ አገኘ። 35 ተችዳውን ወረወረ፤ ቡድኑም 14 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ክንዱ ኒውዮርክ የነበረው ክንድ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ይህንን በዓይናቸው አይተውታል። ኮማንደርስ በ2023 4 ብቻ አሸንፎ 13 ሲሸነፍ ኳርተርባኩ ሳም ሃውል 65 ጊዜ ተጥሎ ነበር። በ2024 ጄይደን ዳንኤልስን ሁለተኛ አድርጎ መረጠና 12 አሸንፎ ለኮንፈረንስ ፍጻሜ በቃ። ልጁ ድንቅ ነው። ግን እሱ ሲመጣ ባለቤቱ አዲስ፣ ሥራ አስኪያጁ አዲስ፣ ዋና አሠልጣኙም አዲስ ነበሩ። መጀመሪያ ቤቱ ተጠገነ፤ ከዚያ ልጁ ገባ።

የመጨረሻው ቃል ከሁለተኛው ጸሐፊ

ዳርኖልድንና ዳንኤልስን ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። በ2024 ዳርኖልድ 48 ጊዜ፣ ዳንኤልስ 47 ጊዜ ተጥለዋል። ሁለቱም ያሸነፉት ተከልለው አይደለም። እየተመቱ፣ ሰው እየመጣባቸውም ሩቅ እያዩ ነው። ዳንኤልስ በዚያ ዓመት በእግሩ ብቻ 891 ያርድ ሮጧል፤ የጀማሪ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን ነው። ቤቱ ስለ ተጠገነ የሚለው ማብራሪያ ሃውል ለምን በ65 እንደቆመ ያስረዳ ይሆናል፤ ዳንኤልስ በ47 ሳክ እንዴት እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ እንደደረሰ ግን አያስረዳም።

ቴክሳንስ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። በ2006 መጀመሪያ የአራት ዓመት ፊልም እጁ ላይ ነበር። የድራፍቱም አንደኛ ምርጫ የእሱ ነበር፤ የሂዩስተን ልጅ የሆነው ቪንስ ያንግም ከሚመረጡት መካከል ነበር። ቡድኑ ግን የካርን ውል ለማራዘም ከፈለና ምርጫውን በማሪዮ ዊሊያምስ ላይ አዋለው። ያ የዳኝነት ስሕተት ነው፤ የቡድኑም ነው። ስሕተት የሆነው ግን ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ሰው ኳሱን በጊዜው የማይለቅ ሰው ስለነበር ነው።

ባልደረባዬ አንድ ነገር እንዲመርጡ እጠይቃለሁ። ደካማ ቡድን ኳርተርባክን የሚሰብረው እንዳይጠገን አድርጎ ከሆነ፣ በጄትስና በካሮላይና የተሰበረው ዳርኖልድ ሚኒሶታ ላይ ሊነሣ አይችልም ነበር። የተሰበረ ይጠገናል ከተባለ ደግሞ ካር ኩቢያክን አግኝቷል፤ ካሮላይናን፣ ኒውዮርክ ጃያንትስን፣ ሳንፍራንሲስኮንም አይቷል፤ የትም ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ አልቆየም። ዳርኖልድ በሚኒሶታ ሲነሣ 27 ዓመቱ ነበር። ካርም ከኩቢያክ ጋር በሠራበት በ2006 ዕድሜው 27 ነበር። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለምን እንደተነሣ ቡድኑን ብቻ የሚከስ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።