ሁለት ደረጃ

በቅርቡ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር ሃያ ሁለት አካባቢ ወደሚገኝ ዕድሜ ጠገብ ምግብ ቤት ለምሳ ጎራ አልን። ተማሪዬ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። በሩ ላይ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች አስተናጋጆቹ ከነወንበሩ ተሸክመው አሳለፉት። እኔ ሳመሰግናቸው እርሱ አንገቱን ደፋ።

«ኡስታዝ፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ብቻዬን ብመጣ ግን ደጅ ሆኜ የሚያነሳኝ ሰው መለመኔ ነው» አለኝ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። «የእኛ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የተለመደው ልክ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላቸው ሁለት ደረጃዎች 3 ሜትር ከ60 ይበቃል።

ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ እስቲ ዛሬ የደጃችሁን ደረጃ ቁጠሩ።