አራሷ እስክትደውል አንጠብቅ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ይህ ወግ ትልቅ ሀብታችን ነው። ሆኖም አራሷ «ራሴን ፈለጠኝ» ስትል «የአራስ ነው፣ ይለቅሻል» የሚላትም ያው ወዳጅ ዘመድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ እስከ ማንቀጥቀጥ ይደርሳል። ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽም የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት ከ100 እናቶች 17ቱ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 34 ደረሰ። እጥፍ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን ከሦስት እናቶች ሁለቱን በእነዚያ 2 ቀናት ያየ ባለሙያ አልነበረም ማለት ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ብዙ ለፍተዋል። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው አያስኬድም። የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ደግሞ እናቷ ቤት ሄዳ መታረሷ የተለመደ ነው። የቀበሌዋ ባለሙያ በሯን ብታንኳኳ አታገኛትም። የስልክ ጥሪ ግን ባለችበት ሊደርሳት ይችላል።

የርቀት ሕክምና ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች ከህንድ ሐኪሞች ጋር በመስመር ተገናኝተው ነበር። ዛሬም በ8896 ደውሎ ሐኪም ማማከር ይቻላል። እነዚህ መልካም ጅምሮች ናቸው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላለችው የጃቢ ጠህናን ወረዳ የገጠር አራስ ግን አይበቁም። ስልኩ ያለው ባሏ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ ወይም እርሻ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ እሷ ራሷ ሕመሟን ለሐኪም የሚነገር ነገር አድርጋ አትቆጥረውም። ስለ ዘመናዊ መተግበሪያ የምናስብም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መደወል ያለበት ያዋለዳት ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አራስ ከወለደች በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። እነዚህ ቀኖች የጥሪም ቀኖች ይሁኑ። ያዋለደቻት አዋላጅ ነርስ ትደውልና ትጠይቅ፦ «እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ደሙ እንዴት ነው? የያዝሽው ጨርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይርሳል? ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽስ ይጋረዳል? ሕፃኑ በደንብ ይጠባል? ያተኩሰዋል?» አማቷ ፊት የማትናገረውን ለምታውቃት «ሲስተር» ትነግራለች።

ስልክ የደም ግፊት አይለካም፣ ደምም አያቆምም። መልሱ የሚያሰጋ ሲሆን በማግስቱ ሳይሆን ያኔውኑ የቅርቡ የጤና ኬላ ባለሙያ ትሂድ፤ መንገዱ ከፈቀደ አምቡላንስ ይነሳ፤ ሆስፒታሉም አስቀድሞ ይወቅ። ይህ ካልተያያዘ ጥሪው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ወጪው ከባድ አይደለም። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የአየር ሰዓቱን በበጀት ይያዙ፤ አዋላጇ ከደመወዟ ካርድ አትሙላ። ጥሪው ከሥራዋ ይቆጠር፣ ሰዓትም ይመደብለት። እናት ከጤና ጣቢያው ስትሸኝ የባሏ፣ የእናቷና የጎረቤቷ ቁጥር፣ የምትታረስበትም ቀበሌ ይመዝገብ። አባወራዎችም ድርሻ አላችሁ፦ በቀጠሮው ቀን ስልኩን ይዛችሁ አትውጡ፤ ቻርጅ አድርጋችሁ ከአራሷ ራስጌ ተዉላት።