ሐበቱ ሰውዳን መውደድ፣ ማስረጃም መጠየቅ



ብዙዎቻችን ዶርም ውስጥ አንድ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አይጠፋም። ጭርት ሲወጣብን፣ እግራችን ሲያሳክከን መጀመሪያ የምናነሣው እሱን ነው። ስለ ሐበቱ ሰውዳ ፈውስነት የመጣው ሐዲስ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የሰፈረ በመሆኑ፣ «ለዚህ በሽታ ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የኢማን ጉድለት የሚመስለን አለን። አይደለም። እንደ አል-ኸጧቢ ያሉ ዑለማዎች የሐዲሱ ቃል ጥቅል ቢሆንም የተፈለገበት የተወሰኑ በሽታዎች እንደሆኑ አብራርተዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል።

ሳይንሱስ ምን ይላል? ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ቲሞኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር ባክቴሪያንና ጭርት አምጪ ፈንገሶችን በላብራቶሪ ሳህን ላይ እንደሚገታ ታይቷል። ደስ ይላል፤ ግን ሳህን ቆዳ አይደለም። ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች የኮንክሪት ናሙናው ፈተናውን ስላለፈ ብቻ ድልድዩ አስተማማኝ ነው አንልም።

በሰው ላይ መፈተን ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ዘይት ያሳየናል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ቲ ትሪ የተባለውን የዛፍ ዘይት የእግር ፈንገስ ባለባቸው 158 ሰዎች ላይ ሞክሯል። 50 በመቶ ዘይት ያለበትን ከተቀቡት 64 በመቶዎቹ ከፈንገሱ ነጹ። ዘይቱ የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀቡትም 31 በመቶዎቹ ነጹ! «ተቀብቼ ዳንኩ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን የማይበቃን ለዚህ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዘይቱ እስኪሠራ ስንጠብቅ ጭርቱ በፎጣና በአንሶላ፣ የእግር ፈንገሱም በውዱእ ቦታ የጋራ ነጠላ ጫማ ወደ ወንድማችን ይሻገራል። ሌላውን አለመጉዳት ደግሞ ዲናችን ነው።

ስለዚህ ዘይቱን መቀባት የፈለግን አስቀድመን ክንዳችን ላይ ጥቂት እንሞክር፤ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላልና። ከውዱእ በኋላ የጣቶቻችንን መሀል በየራሳችን ፎጣ እናድርቅ። ከሰፋ፣ ከመገለ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሳንዘገይ ክሊኒክ እንሂድ። ሐዲሱን የጠርሙስ ማስታወቂያ አድርጎ «ሐኪም አያስፈልግህም» የሚለንን ነጋዴም ማስረጃ እንጠይቀው። ሱናን ማክበር በስሙ የሚነገደውን ሁሉ መግዛት አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።