ክታብና ክትባት

«ክታብ» እና «ክትባት» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ሁለቱም «ከተበ» ማለትም «ጻፈ» ከሚለው ይወጣሉ። አንዱ በብራና ተጽፎ በአንገት ይታሰራል፤ ሁለተኛው በሰውነት ውስጥ ይጻፋል። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን የበሽታ ነገር ሲነሣ «ይህስ የሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብለን ወደ መጽሐፋችን እንመለሳለን። ለመሆኑ ጽሕፈትንና ታሪክን የሚያጠና ሰው ኩፍኝ የማያገባው ስለ ምንድን ነው?

ሰውነት እንዴት እንደሚዋጋ ባጭሩ እንመልከት። የመጀመሪያው አጥር ቆዳችን ነው። አጥሩን አልፎ የገባውን ጠላት ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀበሉታል፤ ትኩሳቱም የዚሁ ውጊያ ምልክት ነው። ቀጥሎ ለዚያ ጠላት ብቻ የተሠራ መሣሪያ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ ይወጣል። ይህ ግን ቀናት ይፈጃል። ውጊያው ሲያበቃ ከተዋጊዎቹ ጥቂቶቹ የጠላትን መልክ ይዘው ይቀራሉ፤ ዳግመኛ ቢመጣም ሳይውል ሳያድር ይነሡበታል። ክትባት ማለት እንግዲህ ሕመሙ ሳይመጣ መልኩን አስቀድሞ ማስጻፍ ነው።

ይህ ጽሕፈት ምን ያህል እንደሚቆይ ያሳየን ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ የ25 ዓመት ወጣት ነው። በ1846 እ.ኤ.አ. በሰሜን አትላንቲክ ባሉት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች ከ6,000 በላይ ሲያሳምም፣ የዴንማርክ መንግሥት ፒተር ፓኑም የተባለውን ሐኪም ላከ። ከዚያ በፊት በደሴቶቹ ኩፍኝ የገባው በ1781 ነበር። ፓኑም እንደ መዘገበው ያን ጊዜ ታመው ከነበሩት ሽማግሌዎች አንድ እንኳ ዳግመኛ አልታመመም። 65 ዓመት ሙሉ ሰውነታቸው አልረሳም።

«እንግዲያው ኩፍኙ ራሱ ካስተማረ ክትባቱ ለምን ያስፈልጋል? አባቶቻችንስ ያለ ክትባት አድገው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚሉት ያደጉት ናቸው፤ ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩም። ደግሞም ኩፍኝ የራሱን ገጽ የሚጽፈው የሌላውን እየፋቀ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኩፍኝ የያዛቸውን 77 ያልተከተቡ የኔዘርላንድስ ልጆች መርምሮ፣ ቀድሞ ለሌሎች በሽታዎች ካከማቹት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ እንደ ጠፋባቸው አሳይቷል። ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ሲወድቅ «ዕድሉ ነው» ብለን ስንቱን ቀብረናል?

ነገሩ ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ከ100 ሰው 95 ያህሉ መከላከያ ካላገኘ ወረርሽኙ አይቆምም። ክትባቱ የሚጀመርበት ዕድሜ፣ 9 ወር፣ ያልደረሰውን ሕፃን የሚጠብቀው የጎረቤቱ ልጅ መከተብ ነው። ዕድር ለሞት ይዋጣል፤ ይህ መዋጮ ግን ላለመሞት ነው።

በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባትም በ2019 ተጨምሯል። ሆኖም በ2023 ኩፍኝ በብዙ ወረዳዎች ተነሥቶ ልጆች ገድሏል። ጥፋቱን ሁሉ በእናቶች ላይ መጫን ግፍ ነው። ሕፃን አዝላ ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት ጤና ጣቢያው ተዘግቶ ወይም መድኃኒቱ አልቆ ብታገኘው በማን ይፈረዳል? ክትባቱ እስከ ሩቁ ቀበሌ እንዲደርስ መጠየቅ የመንግሥትን በጀት አንብቦ መከራከር የሚችል ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኛ ነን።

ባልንጀሮቻችን ሆይ! ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንበተን ስለ ፈተናና ስለ ከተማ ኑሮ ከማውራታችን በፊት የታናናሾቻችንን የክትባት ካርድ አስወጥተን እናንብብ። የ9 ወሩና የ15 ወሩ ተሞልቷል ወይ? ካልተሞላ ልጁን ይዘን እንሂድ። በቤተሰባችን የተማርን ተብለን የምንከበር ከሆነ፣ ቢያንስ ይህን አንድ ወረቀት እናንብብላቸው።