በለንደን ባቡር ለምትሳፈሩ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች ገና ሳይነጋ ፌርማታ ላይ ለምትቆሙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነው። ቢሮ ለምታጸዱ፣ በሽተኛ ለምታስታምሙ፣ አውቶቡስ ለምትነዱ፣ ኮሌጅ ለምትመላለሱ። ስለ ሕዝብ ማመላለሻ ደኅንነት ሲነሳ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ከእንግዲህ ማለፍ የለብንም።

ጁላይ 7 ቀን 2005፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ታቪስቶክ አደባባይ ላይ በ30 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሌላ ፈነዳ። ወደ ሥራቸውና ወደ ትምህርታቸው ይሄዱ የነበሩ 52 ሰዎች ተገደሉ፤ ከ700 በላይ ቆሰሉ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጁላይ 21፣ አራት ሰዎች ያንኑ ሊደግሙት ሞከሩ፤ ቦምቦቹ በወጉ ሳይፈነዱ ቀሩና ከተማዋ ተረፈች። ከእነዚያ አራት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያ፣ ሌላው ኤርትራ የተወለዱ ነበሩ። ይህን መሸፋፈን አይጠቅመንም። በዚያ ሰሞን በዚህች ከተማ የእኛን መልክ ይዞ ባቡር መግባት ምን ማለት እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

በማግስቱ የሆነውን ግን ሁላችንም በደንብ ልናውቀው ይገባል። ፖሊስ ከከሸፈው ቦምብ ቦርሳ ውስጥ ባገኘው የጂም መታወቂያ አድራሻ ተመርቶ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ይጠብቅ ነበር። የሚጠበቀው ኢትዮጵያ የተወለደው ተጠርጣሪ ነው። ከሕንፃው የወጣው ግን ዣን ሻርል ደ ሜኔዜስ የሚባል የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አውቶቡስ ተሳፈረ። ስቶክዌል ጣቢያ ሲደርስ በነጻ የሚታደል ጋዜጣ አንሥቶ፣ ካርዱን አስነክቶ፣ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ወረደ። ባቡሩ እንዳያመልጠው የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች ሮጦ ገባና ተቀመጠ። ፖሊሶች ተከትለውት ገብተው ጭንቅላቱን በሰባት ጥይት መቱት። መግቢያውን ዘሎ ገባ፣ በበጋ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር እየተባለ የተወራው ሁሉ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በ2007 የለንደን ፖሊስ በሥራ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ በግሉ የተከሰሰ ፖሊስ ግን የለም። ያ ሰው የሞተው ሲፈለግ በነበረው በእኛ አገር ተወላጅ ፈንታ ነው። ጉዳዩ አይመለከተንም የሚል ወገን ይህን ያስብ።

መንግሥትስ ምን አደረገ? አራት ወር ሳይሞላ፣ ተጠርጣሪን ያለ ክስ 90 ቀን አስሮ ማቆየት ይፈቀድልኝ ብሎ ፓርላማ ገባ። ኖቬምበር 9 ቀን 2005 በ322 ለ291 ድምፅ ተሸነፈ፤ 28 ቀን ላይ ተስማሙ፣ በ2011 ደግሞ ወደ 14 ወረደ። በ2000ው የሽብር ሕግ አንቀጽ 44 ፖሊስ ያለ ምንም ምክንያት መንገደኛን አስቁሞ እንዲፈትሽ ተፈቅዶለት ስለነበር፣ ለዓመታት መላው ለንደን የፍተሻ ቀጠና ሆኖ ኖረ። እስከ ማርች 2010 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ በዚህ ሥልጣን የተፈተሹት ሰዎች ከ100,000 በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በሽብር ወንጀል የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ጥቁሮችና እስያውያን ደግሞ ከቁጥራቸው በላይ ይቆሙ ነበር።

ይህን ከሌላ ነገር ጋር አስተያዩት። በ1987 ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ በተነሣ ቃጠሎ 31 ሰዎች ሞተው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የምርመራ ሪፖርት የነፍስ አድን ሠራተኞች ሬዲዮ ከምድር በታችም ሊሠራ ይገባል አለ። ጁላይ 7 ቀን 2005 ቦምቦቹ በፈነዱ ጊዜ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ሬዲዮ ዋሻው ውስጥ አሁንም አይሠራም ነበር፤ መልእክት የሚያደርስ ሰው በእግር ይላክ ነበር። 90 ቀን ማሰር አራት ወር ሳይፈጅ ረቂቅ ሕግ ሆነ፤ ሬዲዮው በ17 ዓመትም አልተሠራም። ሰው መፈተሽና ማሰር ቶሎ ይታያል፣ በዜና ይነገራል፤ ሬዲዮ፣ ቃሬዛና ፋሻ ግን አንድ ሰው እየወተወተ ካልጠየቀ ይረሳል። እዚህ ላይ ነው የምንፈለገው።

ዋሻው ውስጥ ሰው ያተረፈው ማን እንደነበር ደግሞ እንይ። አልድጌት አጠገብ በቆመው ባቡር ሁለት እግሮቿን ያጣች ማርቲን ራይት የምትባል ሴት ነበረች። ከሥራ ሰዓቷ ውጭ የተሳፈረች አንዲት ፖሊስ ፍርስራሹን አልፋ መጣችና በእጇ በተገኘው ቀበቶና ልብስ የሚፈስሰውን ደም አስራ አቆመችው። መሣሪያ አልነበራትም፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ታውቅ ነበር። ማርቲን ራይት ከሰባት ዓመት በኋላ በለንደን ፓራሊምፒክ ለአገሯ መረብ ኳስ ተጫወተች። በ2011 የተጠናቀቀውን የፍርድ ቤት ምርመራ የመሩት ዳኛ ሃሌት፣ በባቡሮች ላይ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ ስለማስቀመጥ እንደገና ይታሰብ ብለው ጽፈዋል።

እንግዲህ ከራሳችን እንጀምር። በዚህች አገር እድር አለን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አለን፣ መስጊድ አለን፣ የሴቶች ማኅበር አለን። ለልቅሶ በአንድ ስልክ መቶ ሰው የምንጠራ ሕዝብ ነን። በዚያው ስልክ ሃያ ሰው ለደም ማቆም ሥልጠና እንጥራ። ሴንት ጆን አምቡላንስና የብሪታንያ ቀይ መስቀል ያስተምራሉ። ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጅ ወይም እግር ከሆነና መጫኑ ካላቆመው ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር፣ የታሰረበትን ሰዓት መያዝ፣ ሐኪም ሳይመጣ አለመፍታት፤ ይህን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ አስረድተን ለእናቶቻችን እናድርስ። በቢላ የተወጋ ልጅም፣ በመኪና የተገጨ ሰውም የሚተርፈው በዚሁ ነው።

ያየነውን እንናገር። ባለቤት የሌለው ቦርሳ አይቶ ወረቀቴ ገና አላለቀም፣ እንግሊዝኛዬ አያስኬድም ብሎ ወርዶ የሚሄድ ወገን ብዙ ነው። ለባቡር ፖሊስ በ61016 አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፤ አደጋ ከሆነ 999 ነው። የምንናገረው ግን ስላየነው ዕቃና ድርጊት ይሁን፤ ስለ ሰው ጢም፣ ስለ ሂጃብ፣ ስለ ቆዳ ቀለም አይሁን። እኛው ራሳችን በዚያ ሚዛን ተመዝነን እናውቃለን።

ልጆቻችንንም ብቻቸውን አንተዋቸው። ልጅ በፖሊስ ተፈትሾ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ምን አጥፍተህ ነው?» ይሆናል። ይህ ይቅር። በምን ሕግና በምን ምክንያት እንዳስቆሙት ጠይቆ እንደሆነ፣ የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ ተቀብሎ እንደሆነ እንጠይቀው። ቅጂውን ማግኘት መብቱ ነው። ማኅበራችን እነዚያን ወረቀቶች በአንድ ፋይል ያሰባስብ። ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው ሰዓት የሚለው ተመዝግቦ ሲቀርብ የፓርላማ ተመራጭም ሆነ የፖሊስ አዛዥ «ስሜት ነው» ብሎ አያልፈውም። አንቀጽ 44ን በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ያስረቱት አንድ ተማሪና አንዲት ጋዜጠኛ ናቸው። በ2003 ተፈተሹ፣ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ተሸነፉ፣ አልተመለሱም፤ ጃንዋሪ 2010 አሸነፉ። በዚያው ዓመት ሥልጣኑ ታገደ፣ በኋላም ከሕግ ወጣ። ሁለት ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ ማኅበርና ማኅተም ያለን እኛ ምን ያግደናል?

የእድር ሰብሳቢዎች፣ ካህናት፣ ኢማሞች፣ የማኅበር ጸሐፊዎች፣ በመጪው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ሥልጠናውን የሚያስተባብሩ ሁለት ሰዎች፣ የፍተሻ መዝገቦችን የሚይዝ አንድ ሰው ምረጡ። አውቶቡስ የምትነዱና ጣቢያ የምትሠሩ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ የደም ማቆሚያ ዕቃ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ፤ ከሌለ በሠራተኛ ማኅበራችሁ በኩል በጽሑፍ አመልክቱ። ነርሶችና ሐኪሞች፣ አንድ ቅዳሜ ስጡን፤ አዳራሹን እኛ እንከራያለን፣ ሰውን እኛ እንጠራለን።