«ረዳት ልታገቢ ነው?»

የዛሬዋ ባለጉዳይ የቢሾፍቱ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 23 ነው፤ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ሦስት ዓመት የወደደችው ልጅ የከባድ መኪና ረዳት ነው፤ ያውም የአሮጌ ኤንትሬ! ሽማግሌ ልላክ ሲል ታዲያ ቤቱ ተተራመሰ። እናቷ «ልጄን ግራሶ ለለበሰ አልድርም» አሉ። ጓደኞቿ ደግሞ «ረዳት ልታገቢ ነው? በየከተማው አንዳንድ ሚስት አላቸው እኮ!» እያሉ ያሾፉባታል። «ልተወው ወይስ ልያዘው?» ስትል ጽፋልኛለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው እጅ ገብቷል። እኔም 12ኛ ክፍል ጨርሼ፣ ብዕር ከመጨበጤ በፊት፣ ሁለት ዓመት ክሪክ ጨብጫለሁ። ሌላው ወጣት ቢሾፍቱን የሚያውቃት በባቦጋያና በኩሪፍቱ ሐይቅ ነው። እኔ የማውቃት በጎሚስታዋና በጋራዧ ነው።

ኤንትሬ ማለት የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ያን ጊዜ የነበሩ ሾፌሮች አሰብ ተመላልሰውበታል። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ሲዘጋው የአገሩ ጭነት ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ-አዳማ ፈጣን መንገድ ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ባቡር ሥራ ጀመረ። እኛ ግን በዚያችው አሮጌ መኪና የአዳ ጤፍ ጭነን እንወርዳለን፣ ከመተሐራ ስኳር ጭነን እንወጣለን።

ረዳትነት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሾፌሩ አልጋ ይይዛል፣ አንቺ የምትወጅው ልጅ ጭነቱ ላይ ሸራ ለብሶ ያድራል፤ ሌባ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ውሃና ዘይት ያያል፣ ጎማውን አንድ በአንድ በብረት እየመታ ድምፁን ይሰማል። ሞተሩ አየር ከያዘ ናፍታውን በእጁ እየገፋ አየሩን ያስወጣል። ዳገት ላይ መኪናው ከቆመ ደግሞ ታኮ ይዞ ዘሎ የሚወርደው እሱ ነው። ታኮው በሰዓቱ ጎማ ሥር ካልገባ ጭነቱም፣ ሾፌሩም፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስም አለቀላቸው። እንግዲህ ሰው «ረዳት» እያለ የሚንቀው ይሄንን ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው ከባድ ስለሆነ ብቻ አግቢው አልልሽም። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ጥሩ ባል አይሆንም። እኔ የሠራሁለት ሾፌር ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ «ጋሼ» ነበር የምለው። ጋሼ አንድ ሕግ ነበረው፦ «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይላል። ከናዝሬት ወዲያ መንገዱ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራ ቆላ ይወርዳል። አንዳንድ ሾፌር ታዲያ ናፍታ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ ይሰጥና መኪናውን ይለቀዋል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ድምፅ የለም፣ ልፋት የለም፣ ንፋሱ ጋቢና ውስጥ ይገባል። ግን ያ ሁሉ ኩንታል ከኋላ እየገፋ ነው። ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጠው ይግልና እምቢ ይላል። በዚያ ፍጥነት ላይ ያረጀ ካምቢዮ ማርሽ ልስጥ ቢሉት አይቀበልም። ጋሼ ግን ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን ረግጦ ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ መኪናውን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ሌላው እየቀደመን ሲሄድ እኔ እቁነጠነጥ ነበር። እሱ ግን ዞር ብሎም አያይም።

አየሽ እህቴ፣ ዳገት ላይ ሁሉም ጠንቃቃ ነው። ሰው የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። የሹፌርና የረዳት ቁልቁለት ደግሞ ጭነት ተራግፎ አበል ኪስ የገባበት ምሽት ነው። መንገድ ዳር ያለ ከተማ፣ ሙዚቃ፣ ቢራ... ሳምንቱን ሙሉ እንደ ጀግና የሠራ ልጅ በዚያች ሌሊት ፎሌ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያችው ሌሊት ሻይ ጠጥቶ መኪናው ሥር የተኛም አይቻለሁ። ስለዚህ ጓደኞችሽ የሚሉት ፈጽሞ ውሸት ነው አልልሽም፤ ሁሉም እንደዚያ ነው ማለታቸው ግን ሐሰት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውልሽ። አንደኛ፣ የአበሉን ነገር ጠይቂው። ዕቁብ አለው? መኪናው ጋራዥ ሲገባ አበልም የለም፤ ያን ጊዜ በምን ይበላል? ሁለተኛ፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ምን ያህል አጠራቅሟል? ረዳትነት መሰላል ነው፤ ሰው መሰላል ላይ ቤት አይሠራም። ሦስተኛ፣ ከሠርጉ በፊት አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ አድርጉ። አንቺም ጭምር! ቅር የሚለው ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። ምርመራው ያለፈውን ያሳያል እንጂ የወደፊቱን አያሳይም፤ የወደፊቱን የምታይው ከላይ ባሉት ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ከሰጠሽ ያዢው። «አቦ ተይኝ፣ ኋላ ይደረሳል» ካለሽ ግን ልጁ ከአሁኑ ፎሌ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ሳይፈጥን ውረጂ።

እናትሽን ደግሞ አትቀየሚያቸው። የፈሩት ግራሶውን ሳይሆን የልጃቸውን ኑሮ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዕቅዱን በዝርዝር ይንገሩላቸው። ግራሶ በናፍታና በሳሙና ይለቃል፤ የማይለቀው ጠባይ ነው።